«የትኛው ሲስተም ያሸንፋል?» ላልሽኝ

ደብዳቤሽ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ የመመረቂያ ፕሮግራምሽን በሲ ፕላስ ፕላስ ዊንዶውስ ላይ ሠርተሻል፤ አማካሪሽ ሊኑክስ ላይም እንዲሠራ ጠይቀዋል፤ ሦስት ሳምንት ለፍተሽ አልሆነልሽም፤ ከፋይል የሚነበብ ቁጥር ይበላሽብሻል፣ «ሄደር ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ስህተትም ይወጣል። የትምህርት ወጪሽን የሚሸፍነው ወንድምሽ «ገበያው የዊንዶውስ ነው፤ ይህን ትተሽ ሰርተፍኬት ያዥና ሥራ ግቢ» ይልሻል። አንቺም የሚያሸንፈውን ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ሶፍትዌር (ኦፐሬቲንግ ሲስተም)፣ ብቻ ልማር ብለሻል።

አሸናፊ አትጠብቂ። ቢሮ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ሰርቨር ላይ ሊኑክስ፣ ስልክ ላይ አንድሮይድና አይኦኤስ ሥር ሰደዋል። ሲስተም የሚሞተው ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሶፍትዌር የሚጽፍለት ሲያጣም ነው። የአይቢኤም ሲስተም የነበረው ኦኤስ 2 የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ጭምር ያስኬድ ነበር፤ ያው ችሎታው ጎዳው። ለዊንዶውስ የተጻፈው በሁለቱም ከሠራ ለኦኤስ 2 ለብቻው ማን ይደክማል? የማይክሮሶፍትን የስልክ ሲስተም፣ ዊንዶውስ ፎንን፣ ከጣሉት ነገሮች አንዱም የመተግበሪያ እጥረት ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር ከሲስተም ወደ ሲስተም የማሻገርን ሸክም የሚያቀል ባለሙያ ማንም ቢያሸንፍ ይፈለጋል። የባከነ የመሰለሽ ሦስት ሳምንት የዚሁ ሙያ መጀመሪያ ነው።

አሁን ወደ ኮድሽ። ከፋይል ሲነበብ የተበላሸብሽ ቁጥር «ሎንግ» በሚባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት የተያዘ ይመስለኛል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሎንግ 4 ባይት ነው፤ ባለ 64 ቢት ሊኑክስና ማክ ላይ 8። ስትራክቱን (ብዙ መስኮችን አንድ ላይ የያዘውን የመረጃ ጥቅል) እንዳለ ወደ ፋይል ከገለበጥሽው ሌላው ሲስተም ዝብርቅርቁን ያነባል። ስፋታቸው በስማቸው የተወሰነውን የቁጥር ዓይነቶች፣ ኢንት 32ንና ኢንት 64ን፣ ተጠቀሚ፤ እያንዳንዱን መስክ ለየብቻ ጻፊ። ጽሑፍን ፊደላትን በባይት በሚወክለው በዩቲኤፍ 8 አስቀምጪና ዊንዶውስን ስትጠሪ ብቻ ወደ ሌላው አወካከል፣ ወደ ዩቲኤፍ 16፣ ለውጪ፤ አለዚያ በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል ዊንዶውስ ላይ በተለመደው የፋይል መክፈቻ ፈንክሽን፣ በኤፍኦፕን፣ አይከፈትልሽም።

«ሄደር ፋይሉ (ሌላ ኮድ የሚጠራቸው ፈንክሽኖች የተዘረዘሩበት ፋይል) አልተገኘም» የሚለው ቀላል ነው፤ ሊኑክስ በፋይል ስም ላይ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያል። ስሞቹን ሁሉ በትንሹ አድርጊ።

ዋናው ችግርሽ ግን ሌላ ነው። የዊንዶውስን ሄደር በቀጥታ የሚጠሩትን ፋይሎች ፈልጊና ቁጠሪ። ያቃተሽ ጥሪዎቹ በየፋይሉ ስለተበተኑ ነው። ፋይልን፣ ሰዓትን፣ ፕሮሰስንና ኔትወርክን የሚነካውን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቢ፤ ቀሪው ኮድ በራስሽ ጥቂት ፈንክሽኖች በኩል ብቻ ይድረስባቸው። ኔትወርኩ ይፈትንሻል፦ የዊንዶውሱ መንገድ ንባቡ ሲያልቅ ይነግርሻል፣ የሊኑክሱ መንገድ፣ ኢፖል፣ ደግሞ ሶኬቱ (የኔትወርክ ግንኙነቱ ጫፍ) ለንባብ ዝግጁ ሲሆን። ስም በመቀየር አይተካካም፤ ሁለቱንም የሚሸፍነውን ዝግጁ ላይብረሪ፣ ሊብዩቪን፣ ተጠቀሚ። ደግሞም እያንዳንዱን ለውጥ በዕለቱ በሁለቱም ሲስተም ኮምፓይል አድርጊ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀይሪ)። ስህተት ከተከመረ በኋላ የትኛው ለውጥ እንዳመጣው መለየት እጅግ ከባድ ነው።

ስለ ወንድምሽ በግልጽ ልናገር። ገንዘቡ የእሱ ነው፣ ጭንቀቱም እውነተኛ ነው፤ ምክሩ ግን ስህተት ነው። ሰርተፍኬት ከምርቱ ጋር ያረጃል፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ስመ ጥር የነበረውን የባለሙያ ሰርተፍኬቱን፣ ኤምሲኤስኢን፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል። በሁለት ሲስተም የሚሠራ ፕሮግራም ግን ቀጣሪ ፊት ከፍተሽ የምታሳዪው ነው። ስድስት ሳምንት ጠይቂው፤ ቀኑን ቆርጠሽ ንገሪው፣ በየሳምንቱም የደረስሽበትን አሳዪው።

የቀሩትን ጥያቄዎችሽን ባጭሩ ልመልስ። ጃቫ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር አይጎዳሽም፤ የፋይል ስም ጣጣው ግን እዚያም ይከተልሻል። ማክን ለጊዜው ተዪው። አዲስ ላፕቶፕም አያስፈልግሽም፤ ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ በሚያስኬደው የማይክሮሶፍት መሣሪያ፣ በደብሊውኤስኤል፣ ዊንዶውስሽ ውስጥ ጫኚ። ኮዱን ግን በሊኑክሱ የራሱ ፎልደር ውስጥ አስቀምጪ፤ ዊንዶውስ ድራይቭ ላይ ከተውሽው የትልቅና ትንሽ ፊደሉ ስህተት ተደብቆ ይቆይና አማካሪሽ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል።