ስለ ፕላነር ቦርዱ ለጠየቅከው፦ ከቦርዱ በፊት ክሩን አስተካክል

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ቦርዶቹን (ክሩን ከጀልባው ወደ ጎን የሚያርቁ ተንሳፋፊ ሰሌዳዎች) ገዝተሃል፣ ሪሎቹ (የክር መጠቅለያዎቹ) ላይ ብሬድ የሚባለውን የተሸረበ ክር ጠቅልለሃል፣ አሜሪካና ካናዳ ድንበር ላይ ያለው ኤሪ ሐይቅ ላይ ስትወጣ ግን የቦርዱ ክሊፕ ክሩን አልይዝ ብሎ ቦርዱ እየተንሸራተተ አስቸግሮሃል። «ብሬዱን ልተወው ወይ? ከቦርዱ ኋላስ ስንት ጫማ ክር ልልቀቅ?» ነው ያልከው። እኔ ከኦሃዮ በኩል ምዕራቡን የሐይቁን ክፍል ዓመታት ዞሬበታለሁ፣ እንዴት እንደማዘጋጅ ልንገርህ።

ለጊዜው ብሬዱን ተወውና 10 ፓውንድ የሚችል ሞኖ (አንድ ወጥ የናይለን ክር) ጠቅልል። ብሬድ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን ቀጭንና ሙልጭልጭ ስለሆነ በክሊፑ ላስቲክ መሀል ያመልጣል፤ በዚያ ላይ ስለማይለጠጥ ዋልአይ (የምናጠምደው ዓሣ) ራሱን ሲነቀንቅ መንጠቆው ከአፉ ይነቀላል። ሞኖ ይለጠጣል፣ ማዕበሉ ጀልባውን ሲገፋው ክሩ ይታገስልሃል። ብሬዱን የግድ መጠቀም ካለብህ ክሩን በጣትህ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምዝዘህ ትንሽ ቀለበት ሥራና ቀለበቱን መሀሉ መርፌ ባለው የኋላ ክሊፕ መርፌ ላይ አጥልቀው። ከዚያ ወዲያ አይንቀሳቀስም። ሉሩን (ሰው ሠራሽ ማጥመጃውን) ከብሬዱ ጋር በቀጥታ አትሰረው፣ መሀል ላይ ጥቂት ጫማ ሞኖ ወይም ፍሎሮካርቦን የሚባለው ክር ይግባበት። ከሉሩ ፊት ደግሞ ትልቅ ስዊቭል (የሚሽከረከር ማያያዣ) አትጨምር። ሚጢጢ ስናፕ (የሚከፈት የሚዘጋ ማያያዣ) ይበቃዋል፣ ከባድ ነገር አፍንጫው ላይ ከተንጠለጠለበት እንደ ልቡ አይዋኝም።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ላይ ደረስን። ክር ቆጣሪ ያለው ሪል ሲባል ቆጣሪው ርዝመት የሚለካ ይመስላል። የሚቆጥረው ግን ዙር ነው። ሪሉ ጢም ብሎ ሲሞላ አንድ ዙር ብዙ ክር ይለቃል፣ ግማሽ ሲሆን ትንሽ ይለቃል። ስለዚህ የአንዱ ሪል 100 ከሌላው 100 ጋር አይገጥምም። ሁሉም ሪሎችህ አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ አንድ ዓይነት ክር እኩል ይሞላባቸው። ከዚያ ሜዳ ላይ 100 ጫማ በመለኪያ ለክተህ ክሩን ሳብና ቆጣሪው ስንት እንደሚል እይ። ይህን ካላደረግክ አንዱ ዘንግ ዓሣ ሲይዝ ሌላው ለምን ዝም እንዳለ በፍጹም አይገባህም፤ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ሉሮቹ የሚሄዱበት ጥልቀት ግን የተለያየ ነው።

ስንት ልልቀቅ ላልከው፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ሉሩ፣ የክሩ ውፍረትና የለቀቅከው ርዝመት ናቸው የሚወስኑት። ቀጭን ክር ውሃው ብዙ ስለማይገታው ያው ሉር ጠልቆ ይሄዳል፣ ስለዚህ ከብሬድ ወደ ሞኖ ስትቀይር የድሮ ቁጥሮችህን እርሳቸው። ዋልአይ ለመብላት ወደ ላይ ይነሳል እንጂ ወደ ታች መውረድ ብዙም አይወድም። ዓሣው በ18 ጫማ ጥልቀት ላይ ከታየህ ሉሩ ከእሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይለፍ። እኔ ስጀምር ዘንጎቹን ለያይቼ ነው የምለቀው፦ አንዱን 60 ጫማ፣ አንዱን 80፣ አንዱን 100፣ አንዱን 120። የትኛው እንደተመታ አይቼ ሌሎቹን ወደዚያ ቁጥር አመጣቸዋለሁ። ቦርዱ ክሩን ወደ ጎን ይወስድልሃል እንጂ ዓሣውን የሚይዘው ከቦርዱ ኋላ ያለው ቁጥር ነው። በተያዘ ቁጥር ጻፈው።

አጣጣሉ ቀላል ነው። ጀልባው እየሄደ ሉሩን ትለቃለህ፣ ቁጥርህ ሲደርስ ሪሉን ትቆልፋለህ፣ ክሩን በቦርዱ የፊትና የኋላ ክሊፕ ታስይዛለህ፣ ውሃው ላይ ታኖረውና ቀስ እያልክ ትለቃለህ። ወንዝ ስትሻገር ውሃው ወደ ጎን እንደሚገፋህ ሁሉ ቦርዱንም ይገፋዋል። ግራና ቀኝ አለው፣ አታቀያይረው። መጀመሪያ ከሁሉም ርቆ የሚሄደውን አውጣ፣ ቀጥሎ የቅርቡን። ባንዲራ ያለው ቦርድ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ አይቆጭህም። ትልቅ ዋልአይ ሲመታ ቦርዱ ወደ ኋላ ስለሚጎተት ማንም ያየዋል፤ ትንሽ ዓሣ ሲይዝ ግን ቦርዱ ቦታውን እንደያዘ ይሄዳል፣ ባንዲራዋ ብቻ ዘንበል ትላለች። ባንዲራ ከሌለህ ያን ትንሽ ዓሣ ግማሽ ሰዓት ስትጎትት ትውላለህ።

ፍጥነት፦ ክራንክቤይት (ዓሣ የሚመስል ጠላቂ ሉር) ከሆነ ከ1.5 እስከ 2.5 ማይል በሰዓት፣ የትል ሃርነስ (ትል የሚሰካበት ባለ መንጠቆ ማጥመጃ) ከሆነ ከ1 እስከ 1.5። ዓሣው የሚፈልገውን ለማወቅ ቀጥ ብለህ አትሂድ፣ ሰፋ አድርገህ ተጠማዘዝ። ስትታጠፍ የውስጡ ቦርድ ይዘገያል፣ የውጩ ይፈጥናል። የውጩ ደጋግሞ ከተመታ ፍጥነት ጨምር፣ የውስጡ ከሆነ ቀንስ።

ዓሣ ሲያዝ ጀልባውን አታቁም። ካቆምክ ሁሉም ክር ይላላል፣ ቦርዶቹም ተጋጭተው ይተበተባሉ። ትንሽ ብቻ ቀንስ። ዘንጉን ወደ ላይ ወደ ታች አትጎትት፣ እንደጎበጠ ይዘህ በአንድ ፍጥነት ጠቅልል። ቦርዱ እጅ ሲደርስ ሌላ ሰው መጀመሪያ የኋላውን ክሊፕ፣ ከዚያ የፊቱን ይፍታ፤ አንተ በዚያች ቅጽበት ክሩ እንዳይላላብህ። አብዛኛው ዓሣ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። መረቡን ደግሞ ከራሱ በኩል እንጂ ከጭራው በኩል እንዳታስገባ።

ሚኒሶታ ላላችሁ፣ በረዶ በሌለበት ወቅት በአብዛኛው ውሃ ላይ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው አንድ ክር ብቻ ነው፤ ዘንጎቹን ለያይቶ መልቀቅ የሚሠራው ጓደኛ ይዛችሁ ስትወጡ ነው። ኤሪ ላይ ደግሞ ነፋሱን ሳታይ አትውጣ። ሐይቁ ጣናን ከሰባት እጥፍ በላይ ይበልጣል፣ ምዕራቡ ክፍል ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ማዕበሉ በአንዴ ይነሳል። ላይፍ ጃኬቱን ልበሰው፣ ወንበር ስር አታስቀምጠው።

የኋላ ክሊፕህን ፎቶ አንስተህ ለጥፈው፣ መርፌ ያለው ይሁን የሌለው አይቼ እነግርሃለሁ።