የአክስቴ ለቅሶ ሜሎድራማ ነውን?

ጥያቄ፦ ወንድሜ አርፎ ደሴ ለቅሶ በተቀመጥንበት ሰሞን፣ ከአምባሰል የመጡት አክስታችን ገና ከደጅ ጀምረው ደረታቸውን እየደቁና ሙሾ እያወረዱ ገቡ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ «ይኼማ ሜሎድራማ ነው» አለኝ፤ አርባው ሳይወጣ ይህን መስማቴ ከሆዴ አልወጣም። የቃሉ ትክክለኛ ትርጉም ምንድን ነው?

መልስ፦ ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት። «ሜሎስ» በግሪክኛ ዜማ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ይህን ቃል ከድራማ ጋር አጣምረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲጠቀሙበት፣ በተዋናዩ ንግግር መሐል ሙዚቃ እየገባ ስሜቱን የሚያጎላበትን ተውኔት መሰየማቸው ነበር፤ ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ የደረሰውና በ1770 እ.ኤ.አ. በሊዮን ከተማ ለመድረክ የበቃው ሥራ ከቀዳሚዎቹ ይቆጠራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ክፉው ፍጹም ክፉ፣ ደጉም ፍጹም ደግ ሆኖ የሚቀርብበትና ተመልካችን ለማስለቀስ የሚተጋ ተውኔት መጠሪያ ሆነ። ዛሬ በነቀፋ ስንናገረው፣ በትንሽ ምክንያት ትልቅ ስሜት ማሳየት ማለታችን ነው።

እንግዲህ መለኪያው የድምፅ ከፍታ ሳይሆን ስሜቱ ከምክንያቱ ጋር መመጣጠኑ ነው። ሻይ ቀዘቀዘብኝ ብሎ ስኒ የሚወረውር፣ ስልኩ ቶሎ ባይነሳለት «ሁሉም ጠላኝ» እያለ የሚያነባ ሰው በዚህ ስም ቢጠራ ተገቢ ነው። ለወንድም ሞት ግን የትኛው እንባ በዛ ይባላል? ደግሞም ሙሾ ልቅ ጩኸት አይደለም፤ ዜማ አለው፣ ቤት ይመታል፣ ተቀባይ አለው፤ አውራጇ የሟቹን ማንነት እየቆጠረች፣ ሐዘኑን በሆዱ ይዞ የተቀመጠው ሁሉ አብሮ እንዲያለቅስ መንገድ ትከፍትለታለች። አምባሰልና ባቲ ለሙዚቃችን ቅኝቶች ስማቸውን በሰጡበት በወሎ፣ ሐዘን በዜማ መገለጡን እንደ ማስመሰል ላየው አልችልም።

አንዳንዶች እንዲህ ያለውን ሁኔታ ሂስትሪዮኒክ ከሚባለው፣ ትኩረት ለመሳብ ስሜትን ማጋነን ከሚያዘወትረው የስብእና ችግር ጋር ማያያዛቸውም ስሕተት ነው፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ከ8 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ፣ ያውም ከወጣትነት ጀምሮ በልዩ ልዩ ሁኔታ እየተደጋገሙ እንዲታዩ ይጠይቃል።

ልጅዎ ዜማውን ልብ በማለቱ ከቃሉ ጥንተ ትርጉም አልራቀም፤ የተሳሳተው ነቀፋውን በእኚህ እናት ላይ በማዋሉ ነው። ለአርባው ሲመጡ አጠገባቸው ተቀምጦ ያወረዱትን ሙሾ ቃል በቃል ቢያስነግራቸው፣ ስለ አጎቱ የማያውቀውን ብዙ ነገር ይሰማል።