ዝናቡ መቼ መጣ? የትስ ገባ?

ልጆች፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በግብርና ሙያ፣ ከገበሬ ጋር ሰማይ ሰማይ እያየሁ ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ አዲስ አበባ ስቀመጥ፣ ሐምሌ በገባ ቁጥር «ኤጭ፣ ይሄ ዝናብ ደግሞ!» ስትሉ እሰማለሁ። አልፈርድባችሁም፤ ጫማ ያበሰብሳል፣ ታክሲም ያጠፋል። ግን ስልካችሁን ቻርጅ የምታደርጉበት መብራት አብዛኛው ከግድብ ነው የሚመጣው። የለገዳዲና የገፈርሳ ውሃም ያው የክረምቱ ዝናብ ነው።

ስለ ዝናብ ስታስቡ «ስንት ዘነበ?» ብቻ አትበሉ። መቼ እንደዘነበም ጠይቁ። ሐምሌ ላይ የተዘራ ጤፍ ነሐሴ ሳያልቅ ዝናቡ ጥሎት ቢሄድ፣ ከሩቅ ሲያዩት ማሳው ያምራል፤ ዛላውን በመዳፍ ሲያሹት ግን ገለባ ብቻ ነው የሚቀረው። የዓመቱ ድምር እኮ ወረቀት ላይ «መደበኛ» ሊባል ይችላል! ቡናም እንደዚሁ ነው። በጋውን በድርቅ የከረመ ቡና ደህና ዝናብ ሲያገኝ ከቀናት በኋላ ቅርንጫፉ በነጭ አበባ ይሸፈናል፣ ሽታው መንደሩን ያውደዋል፣ በሁለት ሦስት ቀን ደግሞ ይረግፋል።

በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከዳን፣ ከዚያ ኤልኒኖ መጣና ክረምቱም ከዳን። ፓሲፊክ ውቅያኖስ ሞቀ፣ እዚህ ማሳ ደረቀ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የወረደው ዝናብ የት ገባ የሚለው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 1,000 ሊትር ማለት ነው፤ አንድ ሮቶ ይሞላል። እኛ ግን ወደ ቱቦ ለቀነው፣ በጋ ላይ ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን (ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል)። ገጠር ደግሞ ዶፉ ሲያባራ ወጥታችሁ ጎርፉን እዩት። ከተራቆተው ዳገት የሚወርደው ቡና መስሎ ነው፣ ያ ሁሉ የገበሬው አፈር ነው። እርከን ከተሠራበትና ሣር ከያዘው ተዳፋት የሚወርደው ግን ትንሽም ነው፣ ጠራ ያለም ነው፤ የቀረው መሬት ውስጥ ሰርጎ ከወራት በኋላ ምንጭ ሆኖ ይወጣል።

የግብርና ተማሪ ሁኑም አትሁኑም፣ ዘንድሮ አንድ ጣሳና አንድ ማስመሪያ አዘጋጁ። ጣሳው ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ይኑረው። ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ጠዋት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለክታችሁ ቀኑን ጭምር ጻፉ፣ ያልዘነበበትን ቀንም ዜሮ ብላችሁ።