«በዛሬዋ ቀን…»፦ የሳይንስ ፊክሽንና የአስፈሪ ፊልም ቀኖች ጥያቄና መልስ

«በዛሬዋ ቀን» እያሉ የፊልም ቀን የሚለጥፉ ሰዎች በዝተዋል፤ ስሕተቱም አብሮ በዝቷል። ብዙውን ጊዜ የሚምታቱት ሦስት ዓይነት ቀኖች ናቸው፦ ፊልሙ ለእይታ የበቃበት ቀን፣ ታሪኩ የሚፈጸምበት ቀን፣ እንዲሁም ኩባንያው ወይም አድናቂዎች በኋላ የሰየሙት ቀን። ከደረሱን ጥያቄዎች ገሚሱ የሚፈታው እነዚህን በመለየት ነው።

«ባክ ቱ ዘ ፊውቸር ላይ ወደፊት የተጓዙበት ቀን ዛሬ ነው» የሚል ፎቶ በየጊዜው ይላክልኛል። ቀኑ ግን በየጊዜው ሌላ ነው። የቱን ልመን? (ከአዳማ)

ትክክለኛው ኦክቶበር 21 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ነው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ29 ደቂቃ፣ ዕለቱም ጥቅምት 10 ቀን 2008 ዓ.ም.። አንዳንድ ገጾች ኦክቶበርን በቀጥታ ጥቅምት እያሉ «ጥቅምት 21» ብለው ጽፈውታል፤ እንዲህ ሲሆን አንባቢ አሥራ አንድ ቀን ዘግይቶ ያከብራል።

በ2010 ጁላይ 5፣ በ2012 ደግሞ ጁን 27 የሚሉ ፎቶዎች ዓለምን ዞረው ነበር። ሁለቱም በኮምፒውተር የተነካኩ ናቸው። በጊዜ የምታጓጉዘው መኪና ውስጥ ያለው የጊዜ ማሳያ ሦስት ረድፍ አለው፦ ቀዩ መድረሻ፣ አረንጓዴው የአሁኑ ጊዜ፣ ቢጫው መጨረሻ የተነሡበት ጊዜ ነው። ፎቶ ሲደርስዎት ቀዩን ረድፍ ያዩና ሁለተኛውን ክፍል ከፍተው ያመሳክሩ።

የመጀመሪያው ክፍል ቀኖች ሌሎች ናቸው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማርቲ የሚነሣው ኦክቶበር 26 ቀን 1985 (ጥቅምት 16 ቀን 1978 ዓ.ም.)፣ የሚያርፈው ኖቬምበር 5 ቀን 1955 ነው። መብረቁ የሰዓት ማማውን የሚመታው በዚያው ዓመት ኖቬምበር 12፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ ነው፤ ያ በእኛ ኅዳር 2 ቀን 1948 ዓ.ም. ይሆናል። ለጥያቄና መልስ ውድድር ከፈለጉት፣ በጊዜ ለመጓዝ መኪናዋ መድረስ ያለባት ፍጥነት በሰዓት 88 ማይል፣ ማለትም ወደ 142 ኪሎ ሜትር ነው።

አንድ ጉድ ልጨምር። ሁለተኛው ክፍል በ2015 የቺካጎ ካብስ የቤዝቦል ቡድን ሚያሚን ረትቶ ዋንጫ እንደሚበላ ይናገራል። ፊልሙ በ1989 ሲወጣ ሚያሚ በዋናው ሊግ ጭራሽ ቡድን አልነበራትም። ካብስ ደግሞ ልክ በዚያችው ዕለት፣ ኦክቶበር 21 ቀን 2015፣ አራተኛውን ተከታታይ ጨዋታ በኒውዮርክ ሜትስ ተሸንፎ (በጨዋታ ብዛት 4 ለ 0) ከማጣሪያው ወጣ። ዋንጫውን የበላው በዓመቱ ነው።

ሃሎዊን በተባለው ፊልም ኦክቶበር 31ን አንዱ ጥቅምት 20፣ ሌላው ጥቅምት 21 ይለዋል። ማን ተሳሳተ? (ከሜሪላንድ)

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ፊልሙ ሁለት ኦክቶበር 31 አለው። ሕፃኑ ማይክል እኅቱን የሚገድለው በ1963 ነው፤ ያ ጥቅምት 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ይውላል። አድጎ የሚመለሰው በ1978 ነው፤ ያ ደግሞ ጥቅምት 21 ቀን 1971 ዓ.ም.።

ልዩነቱን የምታመጣው ጳጉሜን 6 ናት። ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስላለው የሚከተለው ዘመነ ዮሐንስ የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። ስለዚህ ሲቀይሩ መጀመሪያ የኢትዮጵያውን ዓመት ያግኙ፦ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ከፈረንጁ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይቀንሳሉ። ያገኙት ዓመት ለ4 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ያኔ ከለመዱት ቀን አንድ ይቀንሱ። 1956 ይካፈላል፣ 1971 አይካፈልም። ቅናሹ የሚሠራው ግን እስከ ፌብሩዋሪ 29 ብቻ ነው። ከማርች 1 ጀምሮ ሁለቱ አቆጣጠሮች ወደተለመደው ቦታቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ የሚያዝያ ወይም የሰኔ ቀን ሲቀይሩ በዚህ ራስዎን አያስጨንቁ።

እዚያው ፊልም ላይ ወቅቱ ቅጠል የሚረግፍበት ነው ይባላል፤ ዛፎቹ ግን ለምለም ናቸው። ዓይኔ ነው? (ከሐዋሳ)

ዓይንዎ ደኅና ነው። ታሪኩ ያለው ኢሊኖይ ውስጥ፣ ሃዶንፊልድ በምትባል የፈጠራ ከተማ ነው። የተቀረጸው ግን በሜይ ወር፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ሠራተኞቹ ወረቀት እንደ ደረቀ ቅጠል ቀብተው መንገዱ ላይ በተኑ፤ ቀረጻው ሲያበቃ ደግሞ ለቅመው ለቀጣዩ ትዕይንት አስቀመጡ። ጠቅላላ በጀቱ ወደ 300 ሺህ ዶላር ብቻ ስለነበር አንዲት ቅጠል አትባክንም ነበር። በርቀት የዘንባባ ዛፍ ካዩም ካሊፎርኒያ ናት፤ ኢሊኖይ ውስጥ መንገድ ዳር ዘንባባ አይበቅልም።

የገዳዩ የማይክል ጭንብልም የዚያው ቁጠባ ውጤት ነው። ከሁለት ዶላር ባነሰ ዋጋ የተገዛ፣ ስታር ትሬክ የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ ካፒቴን ከርክ (ተዋናዩን ዊልያም ሻትነርን) የሚያሳይ የጎማ ጭንብል ነበር። ቅንድቡንና የጆሮ ግንዱን ጸጉር ነቀሉ፣ የዓይን ቀዳዳውን አሰፉ፣ ፊቱን ነጭ ቀቡት። የሚያስፈራው ምንም ስሜት የማይነበብበት መሆኑ ነው፤ ቅንድብ ከሌለ ቁጣም ሐዘንም አይታይም።

ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ (ዓርብ 13፣ ፈረንጆች የሚፈሩት ቀን) በተባለው ፊልም ላይ ገዳዩ ባለ ሆኪ ጭንብሉ ጄሰን ነው ብዬ ተወራረድኩ። ደግሞስ በእኛ አቆጣጠር ዓርብ 13 ስንት ጊዜ ይመጣል? (ከባሕር ዳር)

ገንዘቡን ይክፈሉ። በመጀመሪያው ፊልም የምትገድለው እናቱ ፓሜላ ናት። ጄሰን በሁለተኛው ክፍል ይመጣል፤ ያኔም የሚሸፍነው ፊቱን በጆንያ ነው። የሆኪ ጭንብሉ ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው የመጣው፤ ያ ፊልም በእርግጥ የወጣው ዓርብ ኦገስት 13 ቀን 1982 ነው። የመጀመሪያው ግን፣ ስሙ እንዲያ ቢሆንም፣ የወጣው ሜይ 9 ቀን 1980 ነው፤ ዓርብ ነው፣ 13 ግን አይደለም።

በፈረንጁ ዓርብ 13 በዓመት ቢያንስ አንዴ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ይመጣል። በ2026 ፌብሩዋሪ፣ ማርችና ኖቬምበር ላይ ሦስት ጊዜ ይውላል። በእኛ ግን ሦስት ሊሆን አይችልም። ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ እያንዳንዱ ወር ካለፈው ሁለት ዕለት እየገፋ ይገባል፤ እሑድ የሚገባ ወር በዓመት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ ዓርብ 13 ያለውም እሱ ነው። ሁለት ሲሆን በመካከላቸው ልክ ሰባት ወር አለ። በ2018 የካቲት 13 ብቻ ነው፤ በ2019 ጥቅምት 13 እና ግንቦት 13። ለነገሩ ወር በገባ በ13 እግዚአብሔር አብ ስለሚዘከር ቀኑን ለመፍራት ምክንያት ያለው ሰው እዚህ አገር ማግኘት ይከብዳል።

ተርሚኔተር ላይ የዓለም ጥፋት የሚጀምርበት ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ስንት ነበር? (ከአዲስ አበባ)

ሁለተኛው ክፍል (1991) እንደሚለው ስካይኔት የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ራሱን የሚያውቀው ኦገስት 29 ቀን 1997፣ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። በዚያ ወር እነሱ በበጋ ሰዓት ላይ ስለሆኑ እኛ በ7 ሰዓት እንቀድማለን፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ዓርብ ነሐሴ 23 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይሆናል። የክረምቱን የ8 ሰዓት ልዩነት የወሰደ ሰው 4 ሰዓት ከ14 ብሎ ይሳሳታል።

በመጀመሪያው ክፍል ደግሞ ፖሊሱ ቀኑን ሲጠየቅ ሜይ 12፣ ሐሙስ ብሎ ይመልሳል። ሜይ 12 ቀን 1984 ግን ቅዳሜ ነበር። የፊልም ቀን ለመፈተሽ ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም፦ ዕለቱ ሲጠራ ከሰሙ ስልክዎ ላይ ያለውን ካላንደር ወደዚያ ዓመት መልሰው ያዩ።

ስታር ትሬክ የተጀመረው ሴፕቴምበር 6 ነው ወይስ 8? (ከቶሮንቶ)

እርስዎ ካናዳ ስላሉ 6 ማለት ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን የታየው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ነው፤ የካናዳው ሲቲቪ ግን ሁለት ቀን ቀድሞ አሳይቶታል። ጳጉሜን 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 6 ስለሚውል ሁለቱም ቀኖች ጳጉሜን ውስጥ ናቸው፤ የኤንቢሲው ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል ነው።

የኤሊየን ቀን የሚባለው ለምን አፕሪል 26 ሆነ? (ከድሬዳዋ)

በ1986ቱ ሁለተኛ ፊልም ታሪኩ የሚፈጸምባት ጨረቃ ኤልቪ-426 ትባላለች፤ አሜሪካኖች ወርን ከቀን አስቀድመው ስለሚጽፉ 4/26 ሆነ። የፊልሙ ባለቤት ኩባንያ ቀኑን የሰየመው በ2016 ነው። የመጀመሪያው ፊልም የወጣው ግን ሜይ 25 ቀን 1979 ስለሆነ ልደቱን ማክበር የፈለገ በየዓመቱ ግንቦት 17ን ይያዝ።