ፊዚክስ ተምሬ የኢኮኖሚ ታሪክ ውስጥ ብገባስ?

ጥያቄ፦ በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ለመጨረስ አንድ ሴሚስተር ቀርቶኛል። ቴክኖሎጂ የኢኮኖሚ ታሪክን እንዴት እንደለወጠ በቴርሞዳይናሚክስ (ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጥበትን መንገድ በሚያጠናው የፊዚክስ ዘርፍ) ሕጎች ሞዴል መሥራት እፈልጋለሁ። መምህሮቼ «ከመስመር ወጣሽ» ይሉኛል። ሥራስ ያስገኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመስመር አልወጣሽም። ሆላንዳዊው ኢኮኖሚስት ያን ቲንበርገን የተማረው ፊዚክስ ነው፤ ላይደን ዩኒቨርሲቲ፣ በፊዚክስ ሊቁ በፖል ኤረንፌስት ሥር። እ.ኤ.አ. በ1969 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከራግናር ፍሪሽ ጋር የተሸለመው እሱ ነበር።

ግን ከአሁኑ አንድ ነገር ያዢልኝ። የፊዚክስ ሕግ አንድ ማሽን ቢበዛ የት ድረስ ሊቀልጥፍ እንደሚችል፣ ጣሪያውን ያሳይሻል። ማሽኑ መቼና የት እንደሚስፋፋ ግን አይነግርሽም። ከፊዚክስ የሚመጡ ልጆች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

የእንፋሎት ሞተርን እንይ። ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ የሚስበው የኒውኮመን ሞተር በ1712 ሥራ ሲጀምር ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በእያንዳንዱ ምት ሲሊንደሩ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጫል፤ ከዚያ ያው ብረት እንደገና ይሞቃል። ሙቀቱ እዚያው ይባክናል። ጄምስ ዋት እንፋሎቱ ሌላ ዕቃ ውስጥ ገብቶ እንዲቀዘቅዝ አደረገና በ1769 ፓተንት አወጣ። ይህን በአንድ ገጽ ስሌት ማሳየት ትችያለሽ።

አሁን ደግሞ ታሪኩን ጠይቂ። የተሻለው ሞተር ከመጣ በኋላ ብዙ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ባለቤቶች ለምን አሮጌውን ይዘው ቆዩ? በደጃቸው ገበያ የማያነሳው ርካሽ ከሰል ነበራቸው። ቢባክን ምን ቸገራቸው? በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለችው ኮርንዋል ግን መዳብና ቆርቆሮ እንጂ ከሰል አልነበራትም። ከሰሉ በመርከብ ይመጣል፤ ውድ ነው። የዋት ሞተር ገበያ ያገኘው እዚያ ነው። ዋትና ሸሪኩ ቦልተን ያስከፍሉ የነበረውም ከኒውኮመን ሞተር ጋር ሲነጻጸር ከተቆጠበው ነዳጅ ዋጋ አንድ ሦስተኛውን ነበር። እስቲ አስቢው፦ ቅልጥፍና ራሱ ደረሰኝ ላይ ሰፈረ! አንቺ የምትፈልጊው ፊዚክስና ዋጋ የተገናኙበት እንዲህ ያለ ቦታ ነው። (ፈረንሳዊው መሐንዲስ ካርኖ የሙቀት ሞተርን ጣሪያ ያሳየው ደግሞ በ1824 ነው። ማሽኑ ሕጉን ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞታል።)

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ «የኢኮኖሚ ዕድገት ሕግ» የሚል ርዕስ አትያዢ። አንድ ማሽን ያዢ። ቅልጥፍናውን አስዪ፣ የነዳጁን ዋጋ ፈልጊ፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ምን ያህሉን ታሪክ እንደሚያስረዱ ጻፊ። ያላስረዱትንም ጻፊ። መምህሮችሽም እንዲህ ያለውን ሥራ ሲያዩ ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል።

የሚጎድልሽ ኢኮኖሜትሪክስ ነው፤ የኢኮኖሚ መረጃን በስታትስቲክስ የመመርመር ትምህርት። እሱን ሳትማሪ ማስተርስ አትጀምሪ። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ሶሎው በ1957 የአሜሪካን ምርት ሲለካ በአንድ ሰዓት ሥራ በሚገኘው ምርት ላይ ከታየው ዕድገት ሰባት ስምንተኛ እጁን ለቴክኒክ ለውጥ ሰጠው፤ ማለትም በካፒታል መጨመር ሊያስረዳው ያልቻለውን። የፊዚክስ ሰዎቹ ራይነር ኩመልና ሮበርት ኤይረስ ይህን ክፍተት በኃይል (ኢነርጂ) አጠቃቀም ለማስረዳት ሞክረዋል። ብዙ ኢኮኖሚስቶች ግን አልተቀበሏቸውም። የሁለቱንም ወገን ክርክር ጠንቅቀሽ እወቂ።

ሥራውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። በኢኮኖሚ ታሪክ ብቻ የሚገኝ የመምህርነት ቦታ ጥቂት ነው። የኃይል ሥርዓት ሞዴል መሥራትና የቴክኖሎጂ ዋጋ ትንበያ ግን ሰው ይፈልጋሉ። የአውሮፕላን መሐንዲሱ ቴዎዶር ራይት በ1936 የአውሮፕላን ድምር ምርት በእጥፍ ባደገ ቁጥር የአንዱ ወጪ በተወሰነ መቶኛ እንደሚቀንስ ጽፎ ነበር። ዛሬ የሶላር ፓኔልና የባትሪ ዋጋ የሚተነበየው በዚሁ ዓይነት ስሌት ነው። ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ከቻልሽ ይህን የወጪ ቅነሳ ኩርባ በአንድ ሳምንት ራስሽ ሠርተሽ ማመልከቻሽ ላይ ማያያዝ ትችያለሽ።