በገጠር ቤት ብድር የሚገዛ ቤት እንዴት ይገኛል? ጥያቄና መልስ

የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ዋስ ስለሚሆንለት የቤት ብድር በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ወገኖች የጠየቁኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ገጠር ሲባል በቆሎ መካከል መኖር ነው?

መልስ፦ አይደለም። እስከ 35,000 ነዋሪ ያላቸው ከተሞች ጭምር ሊገቡ ይችላሉ። ለዋሽንግተን የተጠጉትን ሲልቨር ስፕሪንግንና አሌክሳንድሪያን ግን ይርሷቸው።

ጥያቄ፦ ቤቱ እንደሚፈቀድ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በዓይን አይታወቅም፤ ዳኛው ካርታው ነው። በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ በዋስትና የሚሰጠውን የመኖሪያ ቤት ብድር ይምረጡና አድራሻውን ከነቤት ቁጥሩ ይጻፉ። ልብ ይበሉ፦ በካርታው ላይ ቀለም የተቀባው አካባቢ የማይፈቀደው ነው! ይህን ገልብጠው የተረዱ ባልና ሚስት ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቤት ሲያዩ ከርመው ወደ እኔ መጡ፤ ካዩዋቸው ቤቶች አንዱም አልሆነላቸውም። ድንበሩ አንዳንዴ መንገድ ለመንገድ ስለሚሄድ ከግራ ያለው ቤት ተፈቅዶ ፊት ለፊቱ ያለው ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ የከተማው ስም ብቻ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያው «ለዚህ ብድር ይሆናል» ይላል። ልመነው?

መልስ፦ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ራስዎ ይዩት።

ጥያቄ፦ ብድሩ በእኔና በባለቤቴ ስም ነው። አብሮን የሚኖረው የ24 ዓመት ልጄ ይሠራል። የእሱ ደመወዝ ምን አገባው?

መልስ፦ ያገባዋል እንጂ። ብዙ የሐበሻ ቤት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በብድሩ ላይ ባይፈርምም በቤቱ የሚኖር አዋቂ ሁሉ ገቢው ይደመራል። ብድሩን ለማግኘት የሚፈቀደው የቤተሰብ ገቢ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው በአጠቃላይ የአካባቢው መካከለኛ ገቢ 115 በመቶ ሲሆን እንደ ቤተሰቡ ቁጥርና እንደ ካውንቲው ይለያያል። ስለ ልጁ ዝም ማለት መፍትሔ አይደለም፤ ሲታወቅ መዘዙ ለእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ ቅድሚያ ክፍያ የለም መባሉ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ነፃ ግን አይደለም። በመነሻው 1 በመቶ የዋስትና ክፍያ አለ፤ ከብድሩ ጋር መደመር ይቻላል። በየዓመቱ ደግሞ 0.35 በመቶ ይከፈላል። ለ300,000 ዶላር ብድር መጀመሪያ 3,000 ዶላር ገደማ፣ ከዚያም በወር 88 ዶላር ያህል ማለት ነው። ግዢው ሲጠናቀቅ የሚከፈለውን የመዝጊያ ወጪም አይርሱ።

ጥያቄ፦ የወደድነው ቤት ውሃው ከጉድጓድ ነው።

መልስ፦ ችግር የለውም፤ ውሃው ግን በላቦራቶሪ ይመረመራል። ውጤቱ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ውሉ እንደተፈረመ ናሙናውን ያስወስዱ።

ጥያቄ፦ ዜግነት የለኝም።

መልስ፦ ግሪን ካርድ ካለዎት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ገዝቼ ባከራየውስ?

መልስ፦ አይሆንም፣ ወንድሜ። ራስዎ ሊኖሩበት ነው የሚገዙት።