እቁብ ነው ወይስ ህክምና?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። የምፅፈው ከደሴ ነው። አጎቴ ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት፣ ሰሞኑን ሊታከሙ ሄደው አንድ የመድኃኒት ጥናት ውስጥ እንዲገቡ ተጠይቀው ኖሮ ወረቀቱን እኔ እንዳየው ላኩልኝ። ሁለት መድኃኒት አለ፣ የቱን እንደሚወስዱ ኮምፒውተር በዕጣ ይወስናል ይላል፣ እሱስ እሺ፣ ግን ዝቅ ብሎ "የዕጣው ዕድል በሂደት ይቀየራል" የሚል አለበት። ሐኪም የሚሻለውን ሳያውቅ ሰው ላይ ዕጣ ይጥላል እንዴ? ደሞ ዕጣ እንዴት ነው የሚቀየረው? አጎቴማ "እቁብ ሊያስገቡኝ ነው" ብለው ሳቁ። እኔ ግን ቀፎኛል።
የሆጤዋ

መልስ፦ የሆጤዋ እህታችን፣ አጎትሽ ሲቀልዱ ነገሩን ነክተውታል፣ ልዩነቱ እቁብ ቢዘገይም ለሁሉም ይደርሳል፣ እዚህ ግን አንዴ የወጣልሽ ያው ነው። ለዛ ነው መቅፈፉ።

ዕጣ የሚጣለው ሐኪሙ በእውነት ስለማያውቅ ነው፣ ቢያውቅማ ጥናቱ ራሱ ነውር ነበር። በራሱ ይምረጥ ካልን ደግሞ ሳይታወቀው አዲሱን መድኃኒት ጠንከር ላለው ሰው ይሰጥና መጨረሻ ላይ ያዳነው መድኃኒቱ ይሁን ጉልበቱ መለየት አይቻልም።

አሁን ወደሚቀየረው ዕጣ። ጣሳ ውስጥ አንድ ነጭ ባቄላ አንድ ቀይ ባቄላ አለ በይ፣ ነጩ አዲሱ ህክምና ቀዩ የድሮው። በሽተኛ ሲመጣ ሳታዪ አንድ ታወጫለሽ፣ የወጣውን ህክምና ይወስዳል፣ ባቄላውን መልሰሽ ትከቺዋለሽ። ከዛ ሰውዬው ከዳነ በዛው ቀለም አንድ ትጨምሪያለሽ፣ ካልዳነ ደሞ በሌላኛው ቀለም። እንዲህ እያለ ጣሳው ወደሚያድነው ያዘነብላል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው የተሻለው የመድረስ ዕድሉ ይጨምራል ማለት ነው። ዜለን የሚባል የስታቲስቲክስ ሰው በ1969 ሐሳቡን "አሸናፊው ይቀጥል" በሚል አመጣው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ጣሳውን ደሞ ዌይና ዱርሃም በ1978 ጨመሩበት። ዛሬ ኮምፒውተሩ የሚሰራው ከዚህ የተራቀቀ ስሌት ነው፣ መንፈሱ ግን ያው ነው።

ደግ ነገር ይመስላል አይደል? እኔም መጀመሪያ ስሰማ ይሄማ ቸር ሰው ያሰበው ነው ብዬ ነበር፣ የሚሺጋኑን ታሪክ እስካነብ። አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን ላይ መተንፈስ ላቃታቸው አራስ ህፃናት ደማቸውን አውጥቶ ኦክስጅን ሞልቶ የሚመልስ ኢክሞ የሚባል ማሽን በዚሁ በጣሳው ዘዴ ሞከሩ፣ ውጤቱ በ1985 ወጣ። የመጀመሪያው ህፃን ኢክሞ ደረሰው፣ ተረፈ። ሁለተኛው የድሮው ህክምና ደረሰው፣ ሞተ። በቃ ጣሳው ሦስት ለአንድ ሆነ፣ ከዛ በኋላ የድሮው አንዴም አልወጣም። በጠቅላላ 12 ህፃናት፣ ኢክሞ ያገኙት 11ዱም ተረፉ፣ የድሮውን ያገኘው አንድ ብቻ፣ እሱም ሞተ። ታዲያ ዓለም አመነ? አላመነም! አንድ ህፃን እኮ ነው በሌላኛው በኩል ያለው፣ ያ ልጅ ከመጀመሪያውም ከሁሉም የባሰበት ቢሆንስ? ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፣ ቦስተን ላይ ሌላ ጥናት ተሰራ፣ እሱም አልበቃ ብሎ እንግሊዞች ከ1993 ጀምሮ 185 ህፃናት ይዘው እኩል በእኩል ዕጣ ጣሉ፣ ኢክሞ ከደረሳቸው 93 ውስጥ 30 ሞቱ፣ ካልደረሳቸው 92 ውስጥ 54። ጥቂት ልጆችን ለማትረፍ ያዘነበለው ዕጣ ጥርጣሬ ትቶ ሄዶ ሌሎች ልጆች እንደገና ዕጣ ተጣለባቸው። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ሌላም ችግር አለው። ውጤቱ ቶሎ ካልታወቀ ጣሳው በምን ያዘነብላል? የቲቢ ህክምና ራሱ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ነው፣ መዳኑ እስኪታወቅ ሌላው በሽተኛ ገብቶ አለቀ። ወቅትም ያታልላል፣ እናንተው ታውቁታላችሁ፣ ባቲና ቃሉ ቆላው ላይ ወባ ከመስከረም በኋላ ያለው ሌላ፣ በጋ ላይ ያለው ሌላ። መጨረሻ የመጡት በሽተኞች ቀለል ያለባቸው ከሆኑና ዕጣው ያኔ ወደ አንዱ መድኃኒት አዘንብሎ ከቆየ፣ ያ መድኃኒት በማያገባው ይመሰገናል። ለዚህ ነው ብዙ ጥናቶች መጀመሪያ ላይ ለተወሰነ ሰው እኩል ዕጣ ጥለው ከዛ በኋላ ብቻ ማዘንበል የሚጀምሩት።

ስለዚህ አጎትሽ ከመፈረማቸው በፊት ይጠይቁ፦ የድሮው የሚባለው መድኃኒት አሁን ሐኪም ቤት የሚሰጠው መደበኛው ነው ወይ፣ ማዘንበሉ ከስንተኛ ሰው በኋላ ነው የሚጀምረው፣ ውጤቱን እያየ አቁሙ የሚል ከአጥኚዎቹ ውጪ የሆነ ኮሚቴ አለ ወይ። መሀል ላይ ቢተዉም መደበኛ ህክምናቸው አይቀርባቸውም፣ ይሄ መብት ነው፣ ወረቀቱ ላይ መፃፉን እዪ።

"ዕጣው ዛሬ ስንት ለስንት ደርሷል" ቢሉ ግን አይነግሯቸውም፣ መንገርም የለባቸውም። ለምን መሰለሽ፣ ከታወቀማ ሁሉም ጣሳው ወደ ደህናው እስኪያዘነብል ይጠብቃል፣ ቀድሞ የሚገባ ሰው ይጠፋል። የአጎትሽን አመል ከቀልዳቸው እንደገመትኩት ይሄን ስትነግሪያቸው "በይ እኔን መጨረሻ ላይ አስመዝግቢኝ" ነው የሚሉሽ።